ስፒከር ልትገዙ ላሰባችሁ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ደሞዛችሁን አጠራቅማችሁ ለቤታችሁ ስፒከር ልትገዙ ስታስቡ የምትጠይቁኝ ሁሌም አንድ ነገር ነው፤ «ጋሼ፣ ስንት ዋት ይሻላል?» ዕድሜዬን በስቱዲዮና በመድረክ ድምፅ ሥራ ስለገፋሁ ጥያቄያችሁ ያሳስበኛል። ዋት አይታችሁ ስትገዙ ገንዘባችሁ ለጩኸት ይሄዳል፤ ለሙዚቃው የሚተርፍ የለም። የስፒከር ጥሩነት የሚታወቀው በልኬቱ ነው። ልኬቱን ማንበብ ደግሞ መሐንዲስ መሆን አይጠይቅም፤ አንድ ምሽት ቁጭ ብላችሁ የምትለምዱት ነገር ነው።

በዋቱ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚያ ላይ ነውና። መርካቶ ውስጥ ፊቱ በመብራት ያጌጠ፣ «5000 ዋት ፒኤምፒኦ» የተለጠፈበት ስፒከር ስታዩ ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ አዙሩት። የመብራት ገመዱ የሚገባበት አካባቢ ደቃቅ ጽሑፍ አለ። «220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ፣ 60 ዋት» የሚል ካገኛችሁ ነገሩ አለቀ፤ ከሶኬት 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ 5000 ዋት የሚያመጣበት ቦታ የለውም። ፒኤምፒኦ አምራቾች ሁሉ የተስማሙበት የአለካክ ሥርዓት ስለሌለው ያሻቸውን ቁጥር ቢጽፉበት የሚጠይቃቸው የለም። ቢያንስ አርኤምኤስ የሚለውን፣ ማለትም ዕቃው ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ኃይል የሚናገረውን ቁጥር ፈልጉ።

አምፕሊፋየር ለብቻው የምትገዙለት ስፒከር ከሆነ ደግሞ ከዋቱ ይልቅ «ሴንሲቲቪቲ» የሚለው ቁጥር ይጠቅማችኋል። ስፒከሩ 2.83 ቮልት ሲገባለት በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዲሲቤል (የጩኸት መለኪያ ነው) እንደሚሰጥ ይናገራል። በ3 ዲሲቤል ያነሰ ስፒከር እኩል ለመጮህ እጥፍ ኃይል ይፈልጋል፤ ባለ 90ው በ25 ዋት የሚሰጣችሁን ባለ 84ቱ የሚሰጣችሁ በ100 ዋት ነው። ስታወዳድሩ ኦሙንም፣ ማለትም ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበትን መጠን እዩ። ያው 2.83 ቮልት ለባለ 8 ኦም ስፒከር 1 ዋት ሲሆን ለባለ 4 ኦሙ 2 ዋት ይሆናል፤ ስለዚህ ባለ 4 ኦሙ በወረቀት ላይ ያለ ሥራው 3 ዲሲቤል ይጨመርለታል።

ካርቶኑ ላይ «ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ» የሚለውንም እንዲሁ አትመኑት። ሄርዝ ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ይናገራል፤ ሲያንስ ወፍራም፣ ሲበዛ ቀጭን ድምፅ ነው። ይህ የሰው ጆሮ የሚሰማው ወሰን ነው፤ የስፒከሩ መሆኑን የሚያረጋግጠው አጠገቡ ያለው የዲሲቤል ልዩነት ነው። የጄቢኤል 305ፒ ማርክ 2ን ብታዩ ባለ 5 ኢንች ትንሽ ስፒከር ነው፤ አምራቹ ሁለት ቁጥር ጽፎለታል። አንዱ ከ49 ሄርዝ እስከ 20 ሺህ ሄርዝ፣ ከፍና ዝቅ ቢል ከ3 ዲሲቤል አይበልጥም ይላል። ሌላው ከ43 ሄርዝ ይጀምራል፤ ግን እዚያ ሲደርስ ድምፁ በ10 ዲሲቤል ወርዷል። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛዋ ክር 41 ሄርዝ አካባቢ ናት። ይህ ስፒከር እሷን በሙሉ ጉልበቷ እንደማይሰጣችሁ ሳትገዙት አወቃችሁ ማለት ነው። እንዲህ ግልጽ አድርጎ የሚጽፍ አምራች ክብር ይገባዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ፍሎይድ ቱል የሚባሉ ሳይንቲስት በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ለረጅም ዓመታት ሰዎችን ከመጋረጃ ጀርባ ስፒከር እያሰሙ የትኛውን እንደወደዱ ይመዘግቡ ነበር። ያገኙት ውጤት ለእናንተ ኪስ ትልቅ የምሥራች ነው፦ ሰው ስሙንም ዋጋውንም ሳያይ ሲሰማ የብዙው ምርጫ አንድ ወደመሆን ይጠጋል፤ የሚመረጠውም ልኬቱ ለጥ ያለው፣ ማለትም ወፍራሙንም ቀጭኑንም ድምፅ እኩል የሚሰጠውና ወደ ጎን የሚበትነው ድምፅ ፊት ለፊቱን የሚመስለው ስፒከር ነው። በኋላ የድምፅ ዕቃ አምራቹ ሃርማን ኩባንያ ገብተው ከባልደረባቸው ሾን ኦሊቭ ጋር እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡት ጥናት ደግሞ የኩባንያውን ሠራተኞች ራሳቸውን የፈተነ ነበር። ያንኑ ስፒከር በመጋረጃ ተሸፍኖና ተገልጦ ሲሰሙት የሰጡት ነጥብ ተለያየ። ትልልቆቹና ውድ የሚመስሉት ሲታዩ ነጥባቸው ወጣ፤ ትንሹና ርካሹ፣ ሳይታይ ጥሩ ነጥብ ያገኘው፣ ሲታይ ወረደ። ልምድ ያላቸው ሰዎች እንዲህ ከሆኑ እኛ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ከጎናችን ቆሞ ዓይናችንን እንዴት እናምናለን?

ከዚያ ምርምር የወጣው አለካክ ስፒኖራማ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮም በአሜሪካ የኢንዱስትሪ ደረጃ ሆኗል። ስፒከሩን በአግድምም በቁመትም በየ10 ዲግሪው እያዞሩ 70 ጊዜ ይለኩትና በጥቂት መስመሮች ያጠቃልሉታል። ድሮ ይህን ለመሥራት ማስተጋባት የሌለበት ልዩ ክፍል ያስፈልግ ነበር። አሁን ክሊፐል የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሠራው መሣሪያ በተራ ክፍል ውስጥ ይለካል፤ በዚህም የተነሳ ከአምራች ነፃ የሆኑ ሰዎች የመቶ ዶላሩንም የአሥር ሺህ ዶላሩንም ስፒከር ለክተው ኢንተርኔት ላይ በነፃ ያስቀምጡታል። የምትፈልጉትን ሞዴል ስም «spinorama» ከሚለው ጋር ፈልጉት።

ግራፉን ስትከፍቱ ላይኛውን መስመር፣ ፊት ለፊት የሚወጣውን ድምፅ የሚያሳየውን በመጀመሪያ እዩት። ከ100 እስከ 10 ሺህ ሄርዝ ድረስ ለጥ ያለ ሲሆን ደስ ይበላችሁ። ጥቃቅን ጥርስ መሰል ወጣ ገባ አያስጨንቃችሁ፤ ሰፋ ያለ ጉብታ ግን ይሰማል። 100 ሄርዝ አካባቢ ያበጠ ስፒከር የወንድ ድምፃዊን በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚዘፍን ያስመስለዋል። ከ2 እስከ 4 ሺህ ሄርዝ ያበጠው ማሲንቆን ጆሮ የሚበሳ ያደርገዋል፤ በመጀመሪያው ዘፈን «እንዴት ጥርት ይላል!» ትላላችሁ፣ አንድ ሰዓት ያህል ከሰማችሁት በኋላ ግን ራሳችሁን ያማችኋል። ከዚያ በላይ የተጋነነው «ስ» እና «ሽ» ያለበትን ቃል ሁሉ ያፏጨዋል።

ቀጥሎ ታችኞቹን መስመሮች፣ ወደ ጎን የሚወጣውን ድምፅ የሚያሳዩትን እዩ። ላይኛውን ተከትለው በዝግታ ወደ ቀኝ እያሽቆለቆሉ መሄድ አለባቸው። ብዙ ርካሽ ስፒከር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ቀላል ነው። 2 ሺህ ሄርዝ ላይ የአንድ ሞገድ ርዝመት 17 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ባለ 6 ኢንች ተኩል ቤዝ ስፒከርም ስፋቱ ወደዚያ ይጠጋል። ስለዚህ እዚያ ሲደርስ ድምፁን ወደ ፊት ብቻ መወርወር ይጀምራል። ወዲያው ተራውን የሚቀበለው፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ትዊተር ግን በሰፊው ይበትናል። ግራፉ ላይ ጠቦ ድንገት የሚሰፋ ወገብ ታያላችሁ። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ላያስተውለው ይችላል፤ እኛ ግን ቡና ተፈልቶ ዙሪያውን ነው የምንቀመጠው። ትዊተሩ ዙሪያ ጎድጎድ ያለ ቅርጽ የተሠራለትን ስፒከር የምወደው ለዚህ ነው፤ ያ ቅርጽ የሁለቱን ሥርጭት ያስማማል። ከላይ ያነሳሁት ጄቢኤል ይህ አለው። በርግጥ ጸጥ ባለ ክፍል ቀረብ ስትሉት ከትዊተሩ «ሽ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ አልጋ አጠገብ ለማስቀመጥ ካሰባችሁ ይህን አስቡበት።

ላይኛው መስመር ላይ ያለ ጉብታ በኢኳላይዘር፣ ማለትም ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ከፍ ዝቅ በሚያደርገው ማስተካከያ ይስተካከላል፤ የጎኑ ሥርጭት የተበላሸበትን ግን ማንም ኢኳላይዘር አያድነውም። ሁለት ስፒከሮች በዋጋ እኩል ሆነው ቢያስቸግሯችሁ እኔ ጎኑ የተስተካከለውን እወስዳለሁ።

ቤታችሁም የስፒከሩ ግማሽ ነው። ከ300 ሄርዝ በታች ያለውን ድምፅ አብዛኛውን የሚወስነው ክፍሉ ነው። 4 ሜትር ርዝመት ያለው የኮንዶሚኒየም ሳሎን 43 ሄርዝ ላይ ያገሳል፤ ግድግዳው ብሎኬት ስለሆነ ድምፁን ውጦ አያስቀርም። ስፒከሩን ጥግ ውስጥ ከወሸቃችሁት ቤዙ ያብጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ሳይሆን ከገዛችሁ በኋላ አንድ ቅዳሜ ስጡት፤ ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀሳችሁ ስሙ። ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባለው፣ የክፍላችሁን ድምፅ የሚለካው የኮምፒውተር ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ የልኬት ማይክ ከጓደኞቻችሁ ጋር አዋጥታችሁ ብትገዙ ለሁላችሁም ይበቃል። ጉብታውን ቀንሱ፤ ጎድጓዳውን ግን ለመሙላት አትታገሉ፣ ስፒከሩን ታደክሙታላችሁ እንጂ አይሞላም።

ትንሽ ስፒከር ሠርግ ያድምቅ አትበሉ። ያንኑ ጩኸት ከ80 ወደ 40 ሄርዝ ለማውረድ የስፒከሩ ቆብ (እየተርገበገበ ድምፁን የሚያወጣው ክፍል) አራት እጥፍ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መሄድ አለበት፤ ባለ 5 ኢንቹ ያንን አይችልም። ለድግሱ ሞንታርቦ ተከራዩ።

ሁለት ስፒከሮችን ጎን ለጎን ለመስማት ዕድል ካገኛችሁ መጀመሪያ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ። ስልክ ላይ ያለው የድምፅ መለኪያም ለዚህ ያገለግላል። ትንሽ እንኳ ጮክ ያለው ሁሌ የተሻለ ይመስላል፤ ሻጮችም ይህን ያውቃሉ። ነጠላ ጋርዱባቸውና ሌላ ሰው ያቀያይርላችሁ። የምታውቁትን፣ ብዙ ጊዜ የሰማችሁትን ዘፈን ተጠቀሙ፤ ድምፃዊና ክራር ብቻ ያለበት ቢሆን እመርጣለሁ።

አሮጌ የምትገዙ ከሆነ ቆቡን ከክፈፉ ጋር የሚያያይዘውን ቀለበት በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ንኩት። ስፖንጅ ሆኖ ከተፈረፈረ ማስቀየሪያውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። ከአሜሪካ ዘመድ ይዞላችሁ የሚመጣ ባለ አምፕሊፋየር ስፒከር ከሆነ ደግሞ ሳይገዛ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። «100–240 ቮልት» ካለ ይምጣ። «120 ቮልት» ብቻ ካለ የእኛ 220 ያቃጥለዋልና ትራንስፎርመር ካላሰባችሁ በስተቀር እዚያው ይቅር በሉት።