ልጄ አትክልት አይነካም፣ አባቱም ያው ነው

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ፣ ከአዘዞ ነው የምጽፈው። የ8 ዓመት ልጄ ምሳ እቃው ውስጥ ፎሶሊያ በካሮት ስጨምርለት ካሮቱን ለቅሞ ዳር አድርጎ ይመልሰዋል። አባቱም ጎመን የሚበላው ጾም ሲሆን ብቻ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ እኔ ብሆን ግን ከአባቱ ነው የምጀምረው፣ ምክንያቱም ልጅ የሚበላው ያየውን ነው፣ አባት እዛው ትሪ ላይ ጎመኑን ወደ ጎን እየገፋ ልጁን ብላ ቢለው እንዴት ይሰማዋል? የዓለም ጤና ድርጅት ከ6 እስከ 9 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ቢያንስ 350 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይላል፣ ከ10 ዓመት ጀምሮ እናንተንም ጨምሮ 400 ግራም፣ ድንች ደሞ እዚህ ውስጥ አይቆጠርም እሺ። አታስገድጂው፣ በከረሜላም አትደልይው በጣም ነው የምለምንሽ፣ ልጆች አዲስ ምግብ 10 ጊዜም ከዛ በላይም ቀምሰው ሊሆን ይችላል የሚለምዱት ስለዚህ ትንሽ ትንሽ እያረግሽ ደጋግመሽ አቅርቢለት። ቅዳሜ ገበያ ስትሄጂ ይዘሽው ሂጂና ካሮቱን ራሱ ይምረጥ፣ ቤትም ይጠብልሽ፣ አንዳንዱ ልጅ የሚጠላው ተቀቅሎ መላሸቁን ነውና ጥሬውን በቀጭኑ ከትፈሽ ሎሚ ጠብ አርጊበት። ለአባቱ ጎመን በስጋ ሰርተሽ ጀምሪለት፣ ጾም እስኪገባ አትጠብቂ።