ወባ ደጋ ወጣ እንዴ? ስለ አየር ንብረትና ጤና ጠይቃችሁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ጤና መኮንን ነኝ፣ ብዙ ዓመት የሠራሁትም ቆላ ላይ ባለ ጤና ጣቢያ ነው። የአየሩ መለዋወጥ ጤናችንን ምን እያደረገው እንደሆነ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ደጋ ነው። ጎረቤታችን ግን ቆላ ሳይወርድ ወባ ያዘው። ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል። ወባ ከ2,000 ሜትር በላይ አይወጣም ተብለን ነው ያደግነው። ደጋውን ሲጠብቀው የኖረው ብርዱ ነው። የወባ ተሕዋሲ ትንኟ ሆድ ውስጥ ሳይበስል ወደ ሰው አይተላለፍም። ፋልሲፓረም የሚባለው ገዳዩ ዓይነት በ20 ዲግሪ ሙቀት ለመብሰል አራት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፣ አብዛኛዎቹ ትንኞች ደግሞ ያን ያህል አይኖሩም፣ ቀድመው ይሞታሉ። በ25 ዲግሪ ግን 12 ቀን ገደማ ይበቃዋል። ሙቀቱ ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር ያ የብርድ አጥር እየተነሳ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት በደብረ ዘይት አካባቢ የተመዘገቡ የወባ ሕሙማንን አይቶ ነበር። ሞቃት በሆኑ ዓመታት በሽታው ወደ ከፍታው እንደሚወጣ አገኘ።

አያቶቻችን ወባን ንዳድ ይሉታል፣ በደንብም ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1958 ደጋውን ጭምር የመታው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ይዞ 150 ሺህ ያህል እንደገደለ ይገመታል። የደጋ ሰው ሰውነት በሽታውን ስለማያውቀው ይጠናበታል። እኔን የሚያንገበግበኝ መዘግየቱ ነው። «ደጋ ነን፣ ጉንፋን ይሆናል» ተብሎ ሦስት ቀን የተቀመጠ ሕፃን በሸክም ሲመጣ አይቻለሁ። እባካችሁ፣ ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ከጣት ደም ሰጥታችሁ ተመርመሩ። የምትኖሩበትን ከፍታ እርሱት።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ነኝ። ረግረግ የለን፣ ወንዙም ደረቅ ነው። ትንኟ ከየት ነው የምትመጣው?

መልስ፦ ከበርሜልህና ከሮቶህ። ስቴፈንሲ የምትባል የእስያ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች፣ በ2022 ደግሞ እናንተ ጋ በበጋ ለተነሳው ወባ ዋናዋ ተጠያቂ እሷ ነበረች። ንጹሕ የተጠራቀመ ውሃ ትወዳለች፣ ከተማም ይመቻታል። መምጣቷን በአየር ንብረት ላይ አላላክክም፣ ከውጭ የገባች ናት። ግን ዝናብ ሲጠፋና ቧንቧ ሲቋረጥ ሰው ውሃ ያጠራቅማል፣ እዚያ ውስጥ ትፈለፈላለች። ክዳኑ በደንብ ይግጠም። ክዳን የሌለውን በየሳምንቱ ድፉትና ውስጡን ፈትጉት።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ሪያድ ግንባታ ላይ ነው የምሠራው። ትናንት አብሮኝ የሚሠራው ልጅ መቀባዠር ጀመረና ወደቀ። ይሄ እኛ ምች የምንለው ነው?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። ምች ብለን ከፀሐይ በኋላ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የከንፈር ቁስል ስናይ ዳማከሴ እንጨምቃለን። ይሄኛው ሌላ ነው፣ ሰውነት ሙቀቱን ማውጣት አቅቶት ውስጡ 40 ዲግሪ ሲያልፍ አንጎል ይጎዳል። የሚቀባዥር፣ የሚንገዳገድ ወይም የሚያንቀጠቅጠው ሰው ካያችሁ አምቡላንስ ጥሩ። እስኪመጣም ዝም ብላችሁ አትጠብቁ፦ ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ልብሱን አውልቁ፣ ገላው ላይ ውሃ እያፈሰሳችሁ አራግቡለት። ራሱን ካላወቀ በአፉ ምንም አትስጡት፣ ትን ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሐጅ ላይ መካ 51.8 ዲግሪ ደርሶ ከ1,300 በላይ ሰው ሞቷል። ሳዑዲ ውስጥ ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5 ገደማ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራት የተከለከለ ነው፣ ይህን ጓደኞችህም ይወቁት። አዲስ የመጣ ልጅ ካለ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት አይናችሁ አይለየው፣ ሰውነቱ ሙቀቱን ገና አልለመደም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ አሳይታ ነው የምኖረው፣ ስኳር አለብኝ። ፍሪጅ የለኝም፣ ኢንሱሊኑ በሙቀት አይበላሽም?

መልስ፦ ይበላሻል እናቴ። ሁለት የሸክላ ዕቃ ይፈልጉ፣ ትንሹን ትልቁ ውስጥ አስቀምጠው መሃሉን አሸዋ ይሙሉት፣ አሸዋውን ጠዋት ማታ ውሃ ያጠጡት። መድኃኒቱን ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ ጠቅልለው ትንሹ ውስጥ ያስገቡና በእርጥብ ጨርቅ ይክደኑት። እንደ አፋር ባለ ደረቅ አየር ጥሩ ይሠራል። ቀለሙ ከተለወጠ ወይም ከተጓጎለ ግን አይውጉት፣ ጤና ጣቢያ ወስደው ያስቀይሩ።

ጥያቄ፦ በድርቅ ጊዜ ኮሌራ ለምን ይነሳል? ውሃ እኮ የለም።

መልስ፦ ውሃ ስለሌለ ነው። ሰውም ከብትም አንድ ኩሬ ላይ ይሰበሰባል፣ እጅ መታጠቢያ አይተርፍም፣ የተራበ ልጅ ደግሞ በሽታ የሚቋቋምበት አቅም የለውም። ከዚያ ድንገት ሲዘንብ ጎርፉ የሜዳውን ቆሻሻ ጠርጎ እዚያው ኩሬ ውስጥ ይጨምረዋል። አጣዳፊ ተቅማጥ ከያዘው ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን ቶሎ ስጡት። ከሌለ፣ በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ፣ ጨዉን ግን አታብዙ። እያጠጣችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።