መልስ፦ የቦምብ አምካኙ ፊልሜ መጨረሻ ላይ ተቸገርኩ

«ጀግናው ቀዩን ሽቦ ይቁረጥ ወይስ ሰማያዊውን?» ብለህ ጠይቀሃል። ሁለቱንም አታስቆርጠው። ተመልካቹ ያንን ትዕይንት ስለ ለመደው ሰዓት ቆጣሪው አንድ ሰከንድ ሲቀረው እንደሚቆም ከአንተ ቀድሞ ያውቃል።

ውጥረቱን አምካኙ ወደ ቦምቡ ወደሚያደርገው የእግር ጉዞ አምጣው። እውነተኞቹ ባለሙያዎች መጀመሪያ ሰውን ከአካባቢው ያርቃሉ፤ ቀጥለው ሮቦት ይልካሉ። ሮቦቱ ካልቻለ ነው አንድ ሰው፣ ብቻውን፣ የሚሄደው። የሚለብሰው መከላከያ ከ30 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል፤ እጆቹ ግን ጣቶቹ እንዲታዘዙለት ብዙ ጊዜ ባዶ ናቸው። ካሜራህን እጆቹ ላይ አቆየው።

ታሪክህ ደሴ ውስጥ ስለ ሆነ ዳገቱን ተጠቀምበት። ፒያሳ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ፣ ባጃጅ ጠፍቶ፣ ሸሽታ የሄደች ቡና ሻጭ የተወችው ጀበና ከሰሉ ላይ እየገነፈለ፣ ያን ሁሉ ክብደት የተሸከመ ሰው ሽቅብ ያዘግማል። የሚሰማው ትንፋሹ ብቻ ይሁን። ሙዚቃ ካስገባህበት አበላሸኸው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ኮምቦልቻ አቅራቢያ አጭር ፊልም ስንቀርጽ አንድ ረዳታችን «እውነተኛ ይምሰል» ብሎ ከማሳ ያገኘውን የዛገ የመድፍ ጥይት በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ መጣ። ከጦርነቱ የተረፈ ነበር። ዝገት አያመክነውም፤ እንዲያውም ይበልጥ አደገኛ ሊያደርገው ይችላል። ከረጢቱን ባለበት ትተን ሸሸን፣ ፖሊስ ጠራን፣ የዕለቱም ቀረጻ ቀረ።

ለቀረጻው የሚሆነውን የውሸት ቦምብ አናጺ ከእንጨት ይሥራልህ። የእኛን በሁለት ቀን ጨርሶታል።