ለትምህርት ቤትሽ የሙዚቃ መሣሪያ ከመገዛቱ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ትምህርት ቤታችሁ ለሙዚቃና ለትወና በጀት እንዳገኘ፣ የሙዚቃ መምህር እንደሌላችሁ፣ አንድ ሻጭ ረጅም ፕሮፎርማ እንደላከላችሁ ጽፈሻል። «ከምን እንጀምር? ጎበዝ ልጅ ሲገኝስ ወዴት እንላከው?» ነው ጥያቄሽ። እኔም ያለፍኩት በዚሁ መንገድ ነው። ዛሬ ልጆቻችን በሁለት ድምፅ ይዘምራሉ፣ ኖታ ያነባሉ፣ ያለማንም እርዳታ ዝግጅት ያቀርባሉ። እዚህ ለመድረስ ያየሁትን ግን አንቺ እንድታዪ አልፈልግም። «መጀመሪያ ፒያኖ ግዙ» ላሉሽ ሰዎች እባክሽ ጆሮ አትስጪ።

1. በቅድሚያ ሰዓቱን አስይዢ። ዕቃው ይደርሳል። ርዕሰ መምህሩ «ክበቡ ከትምህርት በኋላ ይሁን» ካሉሽ እሺ አትበይ። ከትምህርት በኋላ የሚቀሩት ቤታቸው ቅርብ የሆነና ቤት ውስጥ ሥራ የማይጠብቃቸው ልጆች ብቻ ናቸው። ፈተና ሲቃረብ ደግሞ ቀድሞ የሚሰረዘው እሱ ነው። በሳምንት አንዴ እንኳ ቢሆን በመደበኛው የክፍለ ጊዜ ድልድል ላይ ስሙ ተጽፎ ይግባ። እኛ ጋ የሒሳብ መምህሩ ሰዓታችንን ለማካካሻ ሊወስዱ መጥተው ነበር። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ድልድል አሳየኋቸው። አዩት፣ ምንም ሳይሉ ተመለሱ። ሰዓት ያልያዘ ሙዚቃ ባለቤት የለውም።

2. በድምፅ ጀምሩ። ሃንጋሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ ዞልታን ኮዳይ የልጆች ሙዚቃ ትምህርት መሠረቱ መዝፈን ነው ብሎ ነው የተነሣው። ልጁ መጀመሪያ ይዘፍናል። ኖታውን ማንበብ ቀጥሎ ይመጣል። መሣሪያ ከዚያ በኋላ ነው። በእሱ ዘዴ ዶ፣ ሬ፣ ሚን በእጅ ምልክት ያሳያሉ። ምልክቶቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ጆን ከርወን ካስፋፋቸው የተወሰዱ ናቸው። ምንም ገንዘብ አይጠይቁም። የሙዚቃ መምህር ያልሆነ ሰውም ቁጭ ብሎ ከተለማመደ ይማራቸዋል።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። አዋቂ ሰው ዘፈን ሲያስጀምር ለራሱ ጉሮሮ በሚመቸው ቃና ነው የሚነሣው። ያ ለልጆች በጣም ዝቅ ያለ ነው። ታች ሲወርዱ ያጉረመርማሉ፣ ወይም ለማካካስ ይጮሃሉ። ለትንንሾቹ የሚመቸው ከመካከለኛው ዶ (ፒያኖ ላይ መሃል ካለው) ቀጥሎ ካለው ሬ እስከ ላይኛው ሬ ድረስ ያለው ነው። እኛ ክፍል «ድምፅ የለውም» ተብሎ ከኋላ የሚቀመጥ ልጅ ነበር። መነሻዋን ቃና ከፍ ሳደርጋት ቀጥ ብሎ ገባ። ጓደኞቹ ዞረው አዩት። ለዓመታት የተነገረው ሁሉ ውሸት ነበር። «አንተ ከንፈርህን ብቻ አንቀሳቅስ» የሚባል ነገር እኛ ግቢ ውስጥ አይባልም። እናንተም ግቢ እንዳይባል አድርጊ።

3. መሣሪያ ስትገዙ ስፔሲፊኬሽኑን ራስሽ ጻፊው። ርክክቡ ላይም ራስሽ ቁሚ። እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዝም፤ እስካሁን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነውና።

እኛ የመረጥነው ሪኮርደር የሚባለውን የፕላስቲክ ዋሽንት ነው። ርካሽ ነው፣ በሞቀ ውኃና በሳሙና ይታጠባል፣ ልጁ ቤቱ ይዞት ይሄዳል። ለጀማሪ ክፍል ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ግን ሁለት ዓይነት አለው። አንዱ ባሮክ ይባላል፣ ሌላው ጀርመን። ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። የጣት አቀማመጣቸው ግን ይለያያል። እኔ ይህን አውቄ ማመልከቻው ላይ «ሶፕራኖ፣ ሁሉም ባሮክ» ብዬ በግልጽ ጽፌ አስገባሁ፤ ሶፕራኖ ልጆች የሚጀምሩበት መጠን ነው።

የግዥ ክፍሉ ኃላፊ ወረቀቴን ተቀበሉ። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ያቺን መስመር በእስክሪብቶ ሰረዟት። «ይሄ ዝርዝር አያስፈልግም፤ ዋሽንት ዋሽንት ነው። እኛ የምናወዳድረው በዋጋ ነው» አሉኝ። ላስረዳ ስሞክር «ሙዚቃ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ትምህርት የሆነው?» ብለው ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠሩ። ሰው ፊት ነው ይህን ያሉኝ። አንድን መምህር እንደዚያ ማመናጨቅ አይገባም ነበር።

ዕቃው መጣ። ግማሹ ከአንድ ሻጭ፣ ግማሹ ከሌላ። ኮሚቴው ቆጠረ፣ ፈረመ። መጀመሪያ ላይ ችግር አልነበረም። ልጆች ሪኮርደር ሲጀምሩ ሲ፣ ላ እና ሶልን ነው የሚማሩት። እነዚህ በግራ እጅ ብቻ የሚያዙ ናቸው፤ በሁለቱም ዓይነት ላይ አንድ ናቸው። ክፍሉ ደስ የሚል ድምፅ ነበረው። ከዚያ ፋ ላይ ደረስን። መጽሐፉ የሚያሳየውን የባሮክ አያያዝ አስተማርኳቸው። ሁሉም በትክክል ያዙ። ስንነፋ ድምፁ ለሁለት ተሰነጠቀ። የግማሹ ክፍል ፋ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ልጆቹ ጣታቸውን ያያሉ፣ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ጥፋቱ የነሱ መስሏቸዋል። በጣም ትጉ የነበረች አንዲት ልጅ መሣሪያዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ «እኔ አልችልም» አለችኝ። ትችል ነበር። የያዘችው ጀርመን ነበር።

እንዴት እንደምትለዪው ላሳይሽ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ ከፊት በኩል ያሉትን ቀዳዳዎች ከላይ ወደ ታች ቁጠሪ። አራተኛው ከአምስተኛው ካነሰ ባሮክ ነው። አምስተኛው ከአራተኛው ካነሰ ጀርመን ነው። አንዳንዶቹ ላይ ከጀርባ፣ አውራ ጣት ከሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ፣ ለጀርመኑ ጂ፣ ለባሮኩ ቢ የምትል የላቲን ፊደል አለች። ሻጮች ጀርመኑን «ለልጆች ይቀላል» ብለው ያቀርቡታል። እውነት ነው፣ ፋ ይቀልበታል። ወደ ፋ ሻርፕ (ከፋ በግማሽ ቃና ከፍ ወደምትለው) ስትሄጂ ግን ያስቸግራል፤ ልጁም ወደ ትልልቆቹ ሪኮርደሮች ሲያድግ እንደገና ይማራል። ስለዚህ ሁሉም ባሮክ ይሁን።

እንዲቀየርልን ስንጠይቅ «ተፈርሞ ገቢ ሆኗል» ተባልን። በቃ፣ አለቀ። እኔ ግን ልጆቹን አልተውኳቸውም። መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ለይቼ ባሮኩን ለአንድ ክፍል፣ ጀርመኑን ለሌላው ሰጠሁ። ለሁለቱም የየራሳቸውን የጣት ሠንጠረዥ በእጄ ሥዬ አባዛሁ። ያቺ ልጅ ዛሬ ትንንሾቹን የምታስጠናው እሷ ናት።

በሚቀጥለው ዓመት ወደዚያው ቢሮ ስሄድ ባዶ እጄን አልሄድኩም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀ ነው። አንቀጽ 31 ልጅ በባህላዊ ሕይወትና በኪነ ጥበብ የመሳተፍ መብት እንዳለው ይናገራል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 አቡ ዳቢ ላይ ስለ ባህልና ኪነ ጥበብ ትምህርት የአገሮች የጋራ ማዕቀፍ አጽድቋል። ሁለቱንም ከደብዳቤው ጋር አያያዝኳቸው። ርክክብ ላይም አንድ ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው እያንዳንዱን ዓይነት ነፍቶ ወይም መትቶ ሳያይ እንዳይፈረም በጽሑፍ አስገባሁ። ተቀበሉት። አንቺም እንደዚሁ አድርጊ። በቃል ያስረዳሽውን ነገር ማንም አያስታውስልሽም።

ፕሮፎርማው ላይ ቫዮሊን ካለም እዪው። ቫዮሊን እንደ ጫማ በልክ ነው። 1/4፣ 1/2፣ 3/4 እያለ ከልጁ ክንድ ጋር ያድጋል። ሻጩ ሁሉንም ሙሉ መጠን አድርጎ ከጻፈ ለትንንሾቹ አይሆንም። እንዲያውም ልጁ ሲያድግ የሚቀየር ኪራይ ካገኘሽ ያንን ምረጪ። ኪቦርድ ከሆነ ቁልፎቹ የጣትን ክብደት የሚለዩ ይሁኑ፣ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያም ይኑረው። ከበሮ ከሆነ ጎረቤት ክፍሉን አስቢ።

4. ትወናን አትርሺ። አብዛኛው ሰው ሙዚቃና ትወናን ለየብቻ ያስባቸዋል። ጀርመናዊው ካርል ኦርፍ ግን ንግግርን፣ እንቅስቃሴንና ሙዚቃን አንድ ላይ ነው ያስተማረው። የእሱ ዓይነት ዛይሎፎን (በዱላ የሚመቱ የእንጨት ቁልፎች ያሉት መሣሪያ) ቁልፎቹ ይነቀላሉ። የማይፈለጉትን አውጥተሽ ጥቂቶቹን ብቻ ስትተዪ ልጁ የመታው ሁሉ ይጥማል። ዛይሎፎን ባይኖርሽም አጭር ተረት ያዢ፤ ግማሹ ክፍል ይተውን፣ ግማሹ በእጁ፣ በእግሩና በዴስኩ የዝናቡን፣ የፈረሱን፣ የበሩን ድምፅ ይሥራ። ለዓይን አፋር ልጆች ከመድረክ ይልቅ ይሄ መግቢያቸው ነው። ክፍል ውስጥ አንድ ቃል የማይናገር ልጅ የነፋሱን ድምፅ ይዞ ዝግጅቱን ሲመራ አይቻለሁ።

ጎበዝ ልጅ ሲገኝ ወዴት ላልሽው፣ መጀመሪያ አትቸኩዪ። ወላጆች ቶሎ የምስክር ወረቀት ይፈልጋሉ። እንደ ኤቢአርኤስኤም እና ትሪኒቲ ያሉት ዓለም አቀፍ ፈታኞች ከ1ኛ እስከ 8ኛ ደረጃ ይፈትናሉ፤ ኤቢአርኤስኤም እ.ኤ.አ. ከ1889 ጀምሮ ያለ ነው። ልጁ ግብ እንዲኖረው ይረዳሉ። ነገር ግን የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ሲቀበሉ በብዛት የሚያዩት የመግቢያ የተግባር ፈተናን ነው። ልጁ ዘፍኖ፣ ተጫውቶ፣ የሰማውን ምት መልሶ መትቶ ያሳያል። እሱን አለማምጂው።

ደግሞም ለብቻው አውጥተሽ አትላኪው። በቬንዝዌላ ሆሴ አንቶኒዮ አብሬዩ እ.ኤ.አ. በ1975 ኤል ሲስቴማ የሚባለውን ሲጀምር ሐሳቡ ልጆች ከመጀመሪያው አንስቶ በኦርኬስትራ ውስጥ አብረው እንዲያድጉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክ የሙዚቃ ዳይሬክተር የሆነው ጉስታቮ ዱዳሜል ከዚያ የወጣ ነው። ጎበዙን ልጅሽን ከቡድኑ ጋር አቆዪው፤ ሌሎቹን ያስጠና። እሱም ሲያስጠና ነው የሚበስለው።

«ውጭ አገር የሙዚቃ ስኮላርሺፕ እናስገባለን» የሚሉ አገናኞች ከመጡ በሩን ዝጊባቸው። ከኛ ወላጆች የመመዝገቢያ ገንዘብ ሰብስበው ስልካቸውን ያጠፉ አሉ። እውነተኛ ዕድል ከሆነ ትምህርት ቤቱ ራሱ በድረ ገጹ ላይ መስፈርቱን ያወጣል። ማመልከቻውንም ከቤተሰቡ በቀጥታ ይቀበላል።

ነፃ ነገር ከፈለግሽ ኖታ ለመጻፍ ሙዝስኮር፣ ድምፅ ለመቅረጽ ኦዳሲቲ አለልሽ። ሁለቱም አይከፈልባቸውም። የቆዩ ሥራዎችን ኖታ አይኤምኤስኤልፒ ከሚባለው ድረ ገጽ ማውረድ ትችያለሽ።

አሁን የሻጩን ፕሮፎርማ ስምና ዋጋውን ሸፍነሽ ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊው። መስመር በመስመር አየዋለሁ። ኮሚቴው ከመፈረሙ በፊት ብቻ ይሁን።