ቬኒስ ኪስ ሳይራቆት

"ከባሌ ጋር ሁለት ቀን ቬኒስ ብንሄድ ኪሳችን ይራቆታል ወይ?" ላልሽው፣ ካወቃችሁበት አይራቆትም።

ጎንዶላውን፣ ያንን ለጎብኚ የሚቀዘፈውን ቀጭን ጀልባ፣ እርሺው። ቀን ላይ ለ30 ደቂቃ 90 ዩሮ ነው። ይልቅ ትራጌቶ ፈልጉ። ያው ጎንዶላ ነው፤ ግን ሰውን ከትልቁ ቦይ፣ ከተማዋን አቋርጦ ከሚያልፈው የውሃ መንገድ፣ አንዱ ዳር ወደ ሌላው ያሻግራል። 2 ዩሮ ብቻ! ሳንታ ሶፊያ ከሚባለው መሳፈሪያ ገብታችሁ ሪያልቶ ገበያ ትወርዳላችሁ። ሁለት ቀዛፊዎች አሉት፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ይቆማል። እኔ ፎቶ ላንሳ ብዬ ብድግ ስል ጀልባዋ ዘመም አለች። ከጎኔ የነበሩ አሮጊት ዘንቢላቸውን ሳይለቁ በሌላ እጃቸው ጎትተው አስቀመጡኝ። የሪያልቶው የዓሣ ገበያ እሁድና ሰኞ ዝግ ስለሆነ ቀኑን አስቡበት።

የሕዝብ ጀልባው ቫፖሬቶ ለ75 ደቂቃ 9.50 ዩሮ ነው። ውድ ነው። አንዴ ብቻ፣ መስመር 1ን፣ ሲመሻሽ ያዙ፤ ትልቁን ቦይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሳያችኋል። ሌላውን በእግር።

ምሳ ባካሮ የሚባሉት ትንንሽ መጠጥ ቤቶች ውስጥ ቆማችሁ ብሉ። ቺኬቲ በሉ፤ ዳቦ ላይ የተቀባ የዓሣ ክሬም ምናምን ነው፣ ሦስት አራቱ ያጠግባል። ሳን ማርኮ አደባባይ ላይ ያሉት ካፌዎች ግን እንዳትቀመጡ፤ ባንድ እየተጫወተ ከሆነ ለሙዚቃውም ያስከፍላሉ።

ለማደሪያ በየብስ ላይ ያለው የቬኒስ ክፍል፣ ሜስትሬ፣ ይሻላል፤ በባቡር 10 ደቂቃ ገደማ ነው። ሳያድር በዚያው ቀን የሚመለስ ጎብኚ በአንዳንድ ቀናት ቬኒስ ለመግባት የመግቢያ ክፍያ አለበት። ሜስትሬ ያደረ አይከፍልም፤ ግን ቀድማችሁ በኢንተርኔት ተመዝገቡ።