«46፣ ኤክስ ዋይ፣ ኖርማል» የሚለው ውጤት ምን ይነግረናል?

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት ወንድ ልጃችን ኦቲዝም እንዳለበት ከተነገረን በኋላ የክሮሞሶም ምርመራ ታዘዘለት። ውጤቱ «46፣ ኤክስ ዋይ፣ ኖርማል» ይላል። ታዲያ ኦቲዝም የለበትም ማለት ነው? ወይስ ጥፋቱ የእኔ አስተዳደግ ነው? ሁለተኛ ልጅ ለመውለድ አስበናል።

መልስ፦ አስተዳደግዎ ኦቲዝም አያመጣም፤ ይህን ከልብዎ ያውጡት። ኦቲዝም የሚለየው የልጁን ተግባቦት፣ አጨዋወትና የሚደጋግማቸውን ድርጊቶች በማየት እንጂ በደም ስላልሆነ፣ የላቦራቶሪው ወረቀት የሐኪሞቹን ድምዳሜ አይሽርም። የደም ምርመራው የሚፈልገው ከኦቲዝሙ ጀርባ የሚታወቅ የዘር ምክንያት መኖር አለመኖሩን ነው።

ከአጻጻፉ እንደሚታየው ለልጅዎ የተሠራው ካርዮታይፕ ነው፤ ይህም ዲኤንኤን የሚሸከሙትን ክሮሞሶሞች በማይክሮስኮፕ መቁጠርና ቅርጻቸውን ማስተያየት ማለት ነው። «46» የክሮሞሶሞቹ ቁጥር ነው፤ «ኤክስ ዋይ» ደግሞ የወንድ ጾታ ክሮሞሶሞች ናቸው። 21ኛው ክሮሞሶም ሦስት የሚሆንበትን ዳውን ሲንድረም በቀላሉ ይለያል፤ ይህ ለውጥ ባለባቸው ልጆችም ኦቲዝም ከሌሎች ይልቅ ይበዛል። ነገር ግን ከ5 ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደላት ያነሰ ቁራጭ ቢጎድል ወይም ቢደገም አብዛኛውን ጊዜ ያመልጠዋል፤ ከኦቲዝም ጋር ከሚያያዙት ለውጦች ብዙዎቹ ደግሞ እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ናቸው። ለምሳሌ በ16ኛው ክሮሞሶም አጭር ክንድ ላይ የሚጎድለው የታወቀ ክፍል ወደ 600 ሺህ ፊደላት ብቻ ነው።

እነዚህን የሚያየው ማይክሮአሬይ የሚባለው ምርመራ ነው። እሱም ቢሆን ምክንያት የሚያገኘው ከ10 ልጆች በ1 ያህሉ ላይ ነው። ለውጥ ከተገኘ ወላጆችም ይመረመራሉ፤ ያው ጉድለት ኦቲዝም በሌለበት አባት ወይም እናት ላይ የሚገኝበት ጊዜ አለና፣ ወረቀቱ ብቻውን የልጁን ዕጣ አይናገርም።

ለእርስዎ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ፍራጃይል ኤክስ የሚባለው፣ የአእምሮ እድገትን የሚያዘገይና ከኦቲዝም ጋር የሚያያዝ በዘር የሚተላለፍ ችግር ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱም ምርመራዎች አያገኙትም፣ የራሱ ምርመራ አለው። በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ሦስት ፊደላት በተለምዶ ከ45 ላነሰ ጊዜ ይደጋገማሉ፤ ከ200 ሲያልፉ ዘረመሉ ሥራውን ያቆማል። ከ55 እስከ 200 የሚደጋገምባት እናት የአእምሮ እድገቷ ጤናማ ሆኖ ሳለ ቁጥሩ ወደ ልጇ ሲተላለፍ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ከማርገዝዎ በፊት፣ ዋናውን የውጤት ወረቀት ይዘው የዘረመል አማካሪ ያነጋግሩ። ሁሉም ውጤት ኖርማል ቢሆን እንኳ፣ ታላቁ ኦቲዝም ያለበት ሕፃን ከሌሎች ልጆች የበለጠ ዕድል ስላለው እድገቱ ከመጀመሪያው በቅርብ ይታይ። የትልቁ ልጅዎ የንግግር ሥልጠና ግን የትኛውንም ውጤት መጠበቅ የለበትም።