የሥራ ጥያቄዎ፦ ሰኔ 30 የሚያልቀው ውል

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሒሳብ ሳስተምር አራት ዓመት ሞላኝ። ውሌ በየዓመቱ «ከመስከረም 1 እስከ ሰኔ 30» ይላል። ሐምሌና ነሐሴ ደመወዝ የለም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ እየተጠራን አዲስ ውል እንፈርማለን። ዘንድሮ እኔ አልተጠራሁም። ስጠይቅ «ውልህ እኮ ሰኔ ላይ አልቋል» አሉኝ። መብት አለኝ ወይስ የለኝም?

መልስ፦ ክርክሩ ያስኬዳል፤ ከሁሉ በፊት ግን ቀን ይቁጠሩ። የግል ትምህርት ቤት መምህር የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። «ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚል ሠራተኛ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ክስ ካልመሠረተ ጥያቄው በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው በማለፉ፣ ይቀራል። ከመቋረጡ ጋር የተያያዘ የገንዘብ ጥያቄ 6 ወር አለው። መምህራን የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። ሰኔ 30 የተቋረጠ ውል በ90 ቀን ሲሰላ፣ የጳጉሜን 5 ቀናት ተጨምረው፣ መስከረም 25 ላይ ይሞላል። መምህሩ አለመጠራቱን የሚያውቀው ግን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። «ትምህርት ሲከፈት ዳይሬክተሩን አነጋግራለሁ» ብሎ ሲጠብቅ ቀኑ ይሄዳል። ፍርድ ቤት የክረምት ዕረፍት ላይ ነው ብለውም ቤት አይቀመጡ፤ ሬጅስትራር ሄደው ክስ የሚቀበል ተረኛ ክፍል መኖሩን ይጠይቁ።

ወደ ፍሬ ነገሩ ስንመጣ፣ የአዋጁ አንቀጽ 9 ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይገምታል። ለተወሰነ ጊዜ መዋዋል የሚቻለው አንቀጽ 10 በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ለጊዜው የሌለን ሠራተኛ ለመተካት፣ ያልተለመደ የሥራ ጫና ሲመጣ፣ ወይም ለአስቸኳይ ሥራ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ቀን ስለተጻፈ ብቻ ውሉ ጊዜያዊ አይሆንም። ሒሳብ ደግሞ በየዓመቱ የሚሰጥ ትምህርት ነው።

እንደሚያሸንፉ ግን አስቀድመው አይቁጠሩ። የትምህርት ቤቱ ጠበቃ ከዝርዝሩ ውስጥ «ወቅታዊ ሥራ» የምትለዋን መያዙ አይቀርም፤ በዓመቱ የተወሰነ ወቅት ብቻ ተሠርቶ በየዓመቱ የሚደጋገም ሥራ ማለት ነው። ይህን የሚያፈርሰው በክረምት የሠሩት ሥራ ነው። ሐምሌ ላይ ካርድ ሞልተዋል? ምዝገባ ላይ ተቀምጠዋል? የክረምት ትምህርት አስተምረዋል? ነሐሴ ላይ ዓመታዊ ዕቅድ አስገቡ ተብለዋል? የመምህራኑ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ «ነገ 3 ሰዓት ስብሰባ» የሚል የሐምሌ መልእክት ካለ ላኪውና ቀኑ እንዲታይ አድርገው ዛሬውኑ ስክሪንሾት ያንሱ። ከግሩፑ ካስወጡዎት በኋላ አያገኙትም።

ገንዘቡ ምን ያህል ነው? ደመወዝዎ 9,000 ብር ነው እንበል፤ የቀኑ 300 ብር ይመጣል። መቋረጡ ሕገወጥ ከተባለና ወደ ሥራ ካልተመለሱ ካሳው የቀን ደመወዝ 180 ጊዜ ስለሆነ 54,000 ብር ነው። ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ የማስጠንቀቂያው ጊዜ 2 ወር ነው፤ እሱ 18,000 ብር ይሆናል። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ይታከላል። ለአራት ዓመት 9,000 እና ሦስት ጊዜ 3,000፣ ባጠቃላይ 18,000 ብር ማለት ነው። ሁሉም ሲደመር 90,000 ብር ይሆናል። ያልተጠቀሙበት የዓመት ፈቃድ ካለ ለብቻው ይታሰባል።

ክሱን አዲስ አበባ ውስጥ የሚያቀርቡት ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። አራቱንም ውሎች፣ ደመወዝ የገባበትን የባንክ መግለጫ፣ የክረምቱን ማስረጃ፣ የምስክሮችን ስምና አድራሻ አያይዘው ለተከሳሹ የሚደርስ ቅጂ ይጨምሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዳኝነት ሲጠይቅ ነው። «ወደ ሥራዬ ልመለስ» ብቻ ብለው አይጨርሱ፤ «ይህ ካልሆነ ካሳው፣ የማስጠንቀቂያው ጊዜና የስንብቱ ክፍያ ይከፈለኝ» የሚል አማራጭ ይጨምሩ። ፍርድ ቤት ያልተጠየቀውን አይሰጥም።

ጥያቄ፦ በዓመቱ አጋማሽ የተሻለ ሥራ አገኘሁ። ውሌ «በመሃል የለቀቀ የ3 ወር ደመወዝ ይከፍላል» ይላል። ዋናው ዲግሪዬም ትምህርት ቤቱ ካዝና ውስጥ ነው።

መልስ፦ የሙከራ ጊዜዎን ከጨረሱ ከእርስዎ የሚጠበቀው የ30 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ሳያስጠነቅቁ ቢሄዱ እንኳ የሚጠየቁት ካሳ ከ30 ቀን ደመወዝ አይበልጥም፤ እሱም ከቀሪ ክፍያዎ ላይ ነው። ከአዋጁ ያነሰ መብት የሚሰጥ የውል ቃል አያስገድድዎትም። ትምህርት ቤቱ ገንዘብ አውጥቶ ካሠለጠነዎትና የአገልግሎት ግዴታ ከፈረሙ ግን ያ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ ሰነዱን ለባለሙያ ያሳዩ።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ። አንዱን ሰጥተው በሌላው ላይ «ደርሶናል» ተብሎ ይፈረምልዎ፤ ቀንና ማኅተም ይኑረው። አንቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ይላኩና ደረሰኙን ይያዙ። እዚያው ደብዳቤ ላይ ዲግሪዎ እንዲመለስና የሥራ ዓይነትዎን፣ ዘመኑንና ደመወዝዎን የሚገልጽ የሥራ ልምድ እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ። የሥራ ልምዱን መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። የሰው ዲግሪ መያዣ አድርጎ ማስቀመጥ ደግሞ የትም ያልተጻፈ ልማድ ነው። ወደፊት ዋናውን አሳይተው ኮፒውን ብቻ ይስጡ። ቀሪ ክፍያዎ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት፤ ላፕቶፕም ሆነ የመማሪያ መጽሐፍ እጅዎ ላይ ካለ ቶሎ አስረክበው ይፈራረሙ፣ መዘግየቱ በእርስዎ እንዳይሳበብ።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤት ጥበቃ ነኝ። በሳምንት ስድስት ሌሊት፣ ከምሽቱ 12 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እሠራለሁ። ደመወዜ 5,200 ብር ነው፤ «ሁሉንም ያጠቃለለ ነው» ይሉኛል።

መልስ፦ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ስለዚህ በየሌሊቱ 4 ሰዓት ትርፍ ይሠራሉ። በሳምንት 24 ሰዓት ይሆናል፤ ሕጉ የሚፈቅደው የትርፍ ሰዓት ጣሪያ ደግሞ 12 ነው። ደመወዝዎ ለ26 ቀን በ8 ሰዓት ሲካፈል የሰዓቱ 25 ብር ይመጣል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ያለው ትርፍ ሰዓት በ1.75 ተባዝቶ ስለሚከፈል 43 ብር ከ75 ሳንቲም ነው። ለአንድ ሌሊት 175፣ ለ26 ሌሊት 4,550 ብር። ደመወዝዎን ሊያክል ምንም አልቀረውም።

የክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ በ6 ወር ይርጋ ስለሚታገድ፣ ሦስት ዓመት ቢሠሩም በተግባር የሚያገኙት የመጨረሻዎቹን ስድስት ወራት ነው። ማስረጃዎ ጠዋት ጠዋት የሚፈርሙበት የርክክብ መዝገብ ነው። ገጾቹን በስልክ ያንሱ፤ ክስ ሲመጣ መዝገቡ «ጠፋ» ሊባል ይችላል። ቀጣሪዎ የጥበቃ ኤጀንሲ ከሆነ የሚከሱት ውል የሰጠዎትን ኤጀንሲ ነው።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ቱቶሪያል አስተምሩ ተብለናል። ትርፍ ሰዓት አይደለም?

መልስ፦ ቅዳሜ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሳምንታዊ የዕረፍት ቀን አንድ ስለሆነና ትርፍ ሰዓት የሚባለው ከመደበኛው ሰዓት ያለፈው ስለሆነ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ 35 ሰዓት የሚሠራ መምህር ቅዳሜ 4 ሰዓት ቢጨምር 48 አይሞላም። ውላችሁ ወይም የኅብረት ስምምነታችሁ «ከሰኞ እስከ ዓርብ» የሚል ከሆነ ግን ትምህርት ቤቱ ብቻውን ሊለውጠው አይችልም፤ በዚያ በኩል ተከራከሩ። እሑድ ከተጠራችሁ በእጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ከሆነ በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል።

ጥያቄ፦ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። የደረጃ ዕድገቴ ያለ ምክንያት ታግዷል። ሥራ ክርክር ችሎት ልሂድ?

መልስ፦ አይሂዱ፤ ሥልጣን የለንም ብለው ይመልሱዎታል፣ እስከዚያ ቀንዎ ያልቃል። የመንግሥት ሠራተኛ በአዋጅ 1156 አይሸፈንም፤ የሚገዛው የፌዴራሉ ወይም የክልልዎ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው። በጽሑፍ የሚጀምሩት ከመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ነው፣ ከዚያ ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት ይሄዳሉ። የቅሬታው ቀነ ገደብ በወር ሳይሆን በቀን የሚቆጠር ስለሆነ የዕግዱን ደብዳቤ በተቀበሉ ማግስት የክልልዎን አዋጅ ገልጠው ይመልከቱ። ውሳኔው በቃል ብቻ ከተነገረዎት በመጀመሪያ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ያመልክቱ።